ቃሬዛውን አውርዱት ያልኩበት ቀን

በእኛ አገር የሕያው ሰው ቃሬዛ መሬት አይነካም። በሽተኛ ከቤቱ ከተነሣ ሐኪም ፊት እስኪደርስ ድረስ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይተላለፋል እንጂ አይቀመጥም። አንዱ ተሸካሚ ሲደክመው ከኋላ የሚከተለው ትከሻውን ከሥር ያስገባል። ውኃ የጠማው እየሄደ ይጠጣል። መሬት የሚያርፈው የአስከሬን ቃሬዛ ብቻ ነው፤ እሱም ካህናቱ ለፍትሐት በየምዕራፉ ስለሚያስቆሙት ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ነፍስ ሳውቅ ነበረ። ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ያፈረስኩትም በገዛ ወንድሜ ላይ ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልናገር። መንደራችን ከላሊበላ በላይ፣ ከአሸተን ማርያም ጀርባ ያለው ደጋ ላይ ነው። ገብስ እንዘራለን፣ በግ እናረባለን። አባታችን የሞተው እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ሞላ ነው። እሱ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ እርፍ ጨበጠ። እኔን ግን ላሊበላ ቤት ተከራይቶልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲወርድ ስንቅ እያቀበለኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አደረሰኝ። ፈተናውን ወደቅኩ። ተመልሼ መጣሁ። ሞላ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ስማር «ተማሪው» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ ከወደቅኩም በኋላ ያንኑ ስም አልለወጠውም።

በመንደሩ ከእኔ በላይ የተማረ ስላልነበረ ቀበሌው ጥቃቅን ሥራ ይሰጠኝ ጀመር። ለሴፍቲኔት የልማት ሥራ የሚወጣውን ሰው ስም እየጠራሁ የመጣና የቀረ እላለሁ። የጤና መድን መታወቂያ የሌለውን እመዘግባለሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ስብሰባ ስትጠራ ወረቀቱን የማነብላት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ፈተና ወድቆ ለተመለሰ ሰው፣ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ማንበብ ትልቅ ነገር ነው።

ከነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ ስለ አምቡላንስ አነበብኩ። አምቡላንስ አለ፣ አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ ሰው ሲታመም በዚህ ቁጥር ደውሉ ይላል። ከዚያ ቀና ብዬ፣ «ከእንግዲህ ሰውን በእንጨት ተሸክሞ ገደል መውረድ ቀርቷል» አልኩ። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረችም። እኔ ነኝ የጨመርኳት። ያስጨበጨበችልኝም እሷ ናት።

የመንደራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማለት ነው፣ የቃሬዛ ተራ ነበረው። ጥሪ ሲሰማ ተረኛ የሆነው ቤት ሁሉ አንድ አንድ ወንድ ያወጣል። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ወጣቶቹ ተራው ይቅር አሉ። የቅሬው ዳኛ አያ ንጉሤ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጆቼ፣ መኪናው ጥሩ ነው፤ ይምጣ» አሉ። «እስኪመጣ ግን የት ሆነን ነው የምንጠብቀው?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «አያ ንጉሤ፣ ዘመኑ እኮ ተለውጧል» አልኳቸው።

ተራው ቀረ። የቃሬዛው ጠፍር ቅቤ የሚቀባው አጥቶ የቅሬው ቤት ግድግዳ ላይ ደረቀ። ከሁለቱ እንጨቶች አንዱን ሞላ ራሱ ወስዶ ለበጎቹ በረት መዝጊያ አደረገው። «ተማሪው ጡረታ አውጥቶታል» እያለ ይቀልድ ነበር።

ቀኑ በጥር ነው። ሴፍቲኔቱ ተዳፋት ላይ እርከን ያሠራን ነበር። እኔ ወረቀቴን ይዤ ከላይ፣ ሞላ ዲጂኖውን ይዞ ከታች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ከላይ ከተካበው አንድ ድንጋይ ተንሸራተተ። ብዙም ትልቅ አልነበረም። ሰዎች «ድንጋይ! ድንጋይ!» አሉ። ሞላ ዘወር ሲል ከግራ ጎድኑ ሥር መታውና ተቀመጠ።

ሮጬ ስደርስ ይስቃል።

«ተማሪው፣ ድንጋዩን መዝግበው» አለኝ። «ከሁላችን በፊት ሥራ ጨርሶ ወርዷል።»

«የት ላይ ነው ያመመህ?»

«ምንም አይደል። ትንፋሼን ነው የወሰደው።»

«አረፍ በል። አልሰርዝህም።»

አረፈ። ጥቂት ቆይቶ ተነሥቶ ሁለት ድንጋይ አነሣ። በሦስተኛው ጉልበቱ ታጠፈ። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ብርዳሙ ጠዋት ላይ ላብ ያጠምቀው ጀመር። ሆዱን ስነካው እንደ እንጨት ደርቋል።

ደወልኩ። ያነሣችው ሴት ድምፅዋ ደግ ነበር። የት እንዳለን፣ ምን እንደመታው ጠየቀችኝ። «ወደ መኪናው መንገድ አውጡት፤ አምቡላንሱ ይመጣል» አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ደረቴ ሞልቶ ነበር። አያችሁ፣ ስደውል አነሡ። ለሰዉ ያልኩት ነገር እውነት ሆነ።

የመኪናው መንገድ የሚያልቀው አንድ ትልቅ ጥድ ሥር ነው። ከመንደሩ እስከ ጥዱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ከጥዱ ወዲያ በእግር ብቻ የሚኬድ መንገድ አለ፤ በአሸተን ማርያም በኩል አድርጎ ላሊበላ ያወርዳል። ሰው ተሸክሞ አራት ሰዓት ይፈጃል። መኪናው ግን በሌላ በኩል ዞሮ ነው ወደ ጥዱ የሚመጣው። በእግር መንገዱ የሄደ መኪናውን አያገኘውም።

ቃሬዛው ተፈለገ። የደረቀውን ጠፍር ውኃ ነክረው አለሰለሱት። አንደኛውን እንጨት ከበጎቹ በረት ነቅለው አመጡ። በዚህ መሀል ሥራ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዲጂኖውንና አካፋውን እየጣለ ተሰበሰበ። ከሃያ በላይ ወንድ ነበር። ግማሹ ወደ ቃሬዛው ያያል፤ ግማሹ ወደ እኔ፣ ወደ ወረቀቱ ያያል።

«ሥራውን ትተን ከሄድን ቀሪ ይባልብናል?» አለ አንዱ።

ልለው የሚገባኝን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን፣ «እስከ ጥዱ ስምንት ሰው ይበቃል። ከዚያ አምቡላንስ አለ። ሌላው ሥራውን ይቀጥል» አልኩ። ስምንቱን በጣቴ መረጥኩ። አያ ንጉሤ ሳይመረጡ ተከተሉን።

የሞላ ሚስት ዘውዴ ልጇን አዝላ እየሮጠች ደረሰች። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። ልትከተል ስትል ሞላ ከለከላት፤ «በመኪና ነው የምሄደው፤ አንቺን የት ይጭኑሻል?» አላት። እሷም አምና ቀረች።

አምስት ሰዓት ላይ ጥዱ ጋ ደረስን። መኪና የለም።

አያ ንጉሤ አልቆሙም። «ቁልቁለቱን እንያዘው» አሉ። «አሁን ከሄድን ዘጠኝ ሰዓት ከተማ ነን።»

«አያ ንጉሤ፣ አምቡላንሱ ይመጣል ብለውኛል እኮ። መጥቶ ካጣን ይመለሳል።»

«ካጣን ከታች እናገኘዋለን።»

«ስምንት ሰው ያን ቁልቁለት አይችለውም!»

ይሄ እውነት ነበር። ስምንት ያደረግኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እንደተሸከሙ ቆሙ። አይሄዱም፣ አያወርዱም፤ አራቱ ከሥር፣ አራቱ ለመቀየር ከጎን። ድንጋይ ላይ ወጥቼ ኔትወርክ ፈልጌ ደወልኩ። «መንገድ ላይ ነው» አለችኝ። ስመለስ ያው እንደቆሙ ናቸው። ላባቸው ይንጠባጠባል። የአንደኛው እግር ይንቀጠቀጣል። እንዲያ ቆመው ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ።

«አውርዱት» አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አያ ንጉሤ፣ «የሕያው ሰው ቃሬዛ ነው» አሉ። አልተቆጡም።

«አጉል እምነት ነው! ሰዎቹን አያዩአቸውም? መኪናው እስኪመጣ ትንሽ ይረፉ። አውርዱት!»

ሁሉም ወደ ሞላ አዩ። ሞላ ዓይኑን ገለጠ።

«እሱ የተማረ ነው» አለ። «አውርዱኝ።»

አወረዱት።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ የማስረዳው አንድ ነገር አለ። ያን ሕግ አጉል እምነት ነው ያልኩት ስላልገባኝ ነው። ቃሬዛው ትከሻቸው ላይ ሳለ ሁላችንም እንቸኩል ነበር፤ እንጨቱ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ያቃጥላል፣ «ቶሎ፣ ቶሎ» ያሰኛል። መሬት ሲነካ ግን ያ ችኮላ ከሁላችን ወጣ። ሰዎቹ ተቀመጡ። አንዱ ጫማውን አወለቀ። ሌላው ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ አካፈለ። መጠበቅ ቀላል ሆነ። የቀድሞ ሰዎች ይሄን ያውቁ ነበር። አላብራሩልንም እንጂ ያውቁ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። ድንጋዩ ላይ እወጣለሁ፣ እደውላለሁ። «መንገድ ላይ ነው።» እንደገና ስደውል፣ «ምጥ የያዛት ሴት አድርሶ ነው የሚመጣው፤ ነዳጅም መቅዳት ነበረበት፤ አይዞህ» አለችኝ። ስምንት ሰዓት አካባቢ የስልኬ ባትሪ አለቀ።

ሞላ አልፎ አልፎ ያወራኝ ነበር። ውኃ ውኃ ይላል፤ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አርስለታለሁ።

«ተማሪው።»

«አቤት ወንድምዓለም።»

«እንጨቱን ከበረቱ ነቅለዋል አይደል?»

«አዎ።»

«በጎቹ መዝጊያ የላቸውም። ጅብ ይገባባቸዋል። ሳይመሽ ሌላ እንጨት ፈልግ።»

«እሺ። አንተ አትናገር፤ ድካም ነው።»

«ያቺ ጥቁሯ ደግሞ ደርሳለች፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። እያት።»

«አያታለሁ።»

ቆየና፣ «ይታያል?» አለኝ። መኪናውን ነው።

«አቧራ ይታየኛል» አልኩት። አልታየኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያ ንጉሤ ከተቀመጡበት ተነሡ። ማንንም አልጠየቁም። ጎንበስ ብለው የቃሬዛውን ጫፍ በራሳቸው ትከሻ ላይ ሊያደርጉ ሲታገሉ ስምንቱም ተሯሩጠው ተቀበሏቸው። እኔም ከሥሩ ገባሁ። በዘጠኝ ሰዓት ከተማ እንገባለን ብለው ነበር። እኛ በዘጠኝ ሰዓት ከጥዱ ተነሣን።

ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም። ጠፍሩ ደርቆ ስለነበር አንድ ቦታ ተበጠሰ፤ በነጠላ አሰርነው። የሚቀይረን ሰው ስላነሰ በየመቶ እርምጃው እንለዋወጥ ነበር። ሞላ ሲንገጫገጭ ያቃስታል፤ ካላቃሰተ ደግሞ እፈራለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአሸተን በላይ ያለው ወገብ ላይ ወጣን። ከዚያ ላሊበላ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ ቆርቆሮዎቿ ፀሐይ ይዘው ያብለጨልጫሉ። ከፊት ያለው ተሸካሚ፣ «ሞላ፣ ከተማው ታየ!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ከኋላ የነበረው ሰው፣ «እዩ» አለ። ዞር አልን። በመጣንበት በኩል፣ ሩቅ፣ ጥዱ ሥር ነጭ መኪና ቆሟል።

እኩል መሀል ላይ ነበርን። ወደፊት ሁለት ሰዓት፣ ወደኋላም ሁለት ሰዓት። ነጠላ አውለበለብን። ጮኽን። ከዚያ ርቀት ማን ያየናል?

አያ ንጉሤ ወደ እኔ ዞሩ። «ተማሪው፣ ምን ትላለህ? እንመለስ ወይስ እንውረድ?»

ለማሽሟጠጥ አልነበረም። የምራቸውን ነው የጠየቁኝ፤ እሳቸውም አያውቁትም። ሁሉም ጠበቁኝ። አፌን ከፈትኩ። በየስብሰባው ስናገር የኖርኩ ሰው አንዲት ቃል አጣሁ።

ሞላ ነው የመለሰው። ድምፁ በጣም ትንሽ ነበር፤ ለመስማት ጎንበስ አልን።

«አታስጨንቁት» አለ። «ውረዱ።»

ወረድን። የአሸተን ማርያም ቅጥር ሊታየን ሲል ቃሬዛው ከበደን። ይህን ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ያው ሰውዬ ነው፣ ያው እንጨት ነው፤ ድንገት ይከብዳል። ጥቂት እርምጃ ሄድን። አያ ንጉሤ ከጎን መጥተው እጃቸውን ፊቱ ላይ አደረጉ፤ ትንሽ ቆዩ፤ ዓይኑን ከደኑት።

«አሁን ይውረድ» አሉ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ አባት መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። እሳቸው ሲጸልዩ እኔ ቃሬዛውን ይዤ ቀረሁ፤ እጄን ከእንጨቱ ማላቀቅ አቃተኝ። አንዱ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀልኝ።

ሲነጋ ይዘነው ተመለስን። ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ያልኳቸው ሰዎች መንገዱ ላይ ወጥተው ጠበቁን። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ዘውዴ ብቻ፣ ከቀብሩ በኋላ ሰው ሲቀንስ፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ስንት ሆናችሁ ነበር?»

«ስምንት» አልኳት። «አያ ንጉሤና እኔ ስንጨመር አሥር።»

ልጁን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችው።

የአምቡላንሱን ሹፌር ከወራት በኋላ ላሊበላ አገኘሁት። ልጣላው ነበር የሄድኩት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው መሪውን ይዞ ቀረ። «ጥሩንባ ነፋሁ» አለኝ። «ጥዱን ዞርኩ። ከሥሩ ቆሎ ተበትኖ አየሁ፤ ሰው ተቀምጦ እንደነበር ገባኝ።» ያን ቀን ያደረሳት ሴት በሰላም ተገላግላለች። መጣላት አልቻልኩም። ለእሷ ደርሷል። አንድ መኪና ነው፣ አንድ ሹፌር ነው። እኔ ግን በስብሰባው ስለ አምቡላንሱ ለሰዉ ስናገር መኪናው አንድ እንደሆነ አልተናገርኩም፤ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ደጅ ላይ የቆመ አስመስዬ ነበር ያወራሁት።

ቀድሞ ቢደርስ ይድን ነበር? አላውቅም። የጠየቅኳት የጤና ባለሙያ ውስጡ ሳይደማ አልቀረም አለችኝና፣ «ሰዓቱ…» ብላ ጀምራ ተወችው። እኔም ጨርሺው አላልኳትም።

ይህን አንብባችሁ፣ መንግሥትን አትመኑ፣ አትደውሉ የምል እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ዘውዴና ልጇ በሴፍቲኔቱ እህል ይረዳሉ፤ እሱ ባይኖር ክረምቱን አይሻገሩም። ማሳዋን ደግሞ ቅሬው ያርስላታል፤ እሱ ባይኖር ማሳው ጦም ያድራል። እኔ የሳትኩት አንዱ ሲመጣ ሌላውን የሚያስጥል መስሎኝ ነው። ሰዉ በእጁ የያዘውን አስለቅቄ፣ ገና በመንገድ ላይ ያለውን እንዲጠብቅ አደረግኩት።

የቃሬዛው ተራ ተመልሷል። ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠፍሩን በየወሩ ቅቤ እቀባለሁ። ከቃሬዛው እንጨቶች በአንዱ ላይ፣ በፊተኛው ተሸካሚ ዓይን ልክ፣ የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር በቢላ ቀርጬበታለሁ። በሽተኛ ሲነሣ እየደወልን እንሄዳለን፤ መኪናው በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ጠይቀን የት እንደደረስን ለሹፌሩ የሚነግር አንድ ሯጭ ወደዚያ እንልካለን። ግን አንቆምም። ባለፈው ክረምት አንዲት እናትን እንዲህ ይዘን ስንወርድ ከመኪናው ጋር ታችኛው መንገድ ላይ ተገናኘን። ከትከሻችን በቀጥታ መኪናው ውስጥ አስገባናት። ሹፌሩ ያው ሰው ነበር። ቁጥሩን እንጨቱ ላይ አየው፤ በጣቱ ዳሰሰው።

እንጨቱ ያ እንጨት ነው። ወደ በረቱ አልተመለሰም። ያን ቀን ሞላ ያለኝን የፈጸምኩት በማግስቱ ነው፤ ስደርስ በረቱ ክፍት ነበር። በጎቹ አልተነኩም። ጥቁሯ ወልዳ፣ ግልገሏን እየላሰች በሩ ላይ ቆማለች።

ሌላ መዝጊያ ፈልጌ አደረግኩላቸው። እሱ ሳይመሽ ነበር ያለኝ፤ እኔ ስደርስ ነግቶ ነበር።